የሕንፃ ጥገናና አገልግሎት፦ በራስ ሠራተኛ፣ በየዘርፉ ተቋራጭ ወይስ በአንድ ድርጅት?

ሕንፃ የሚያስተዳድር ሰው ምርጫው ከሦስት አይወጣም። ወይ የራሱን ባለሙያዎች ይቀጥራል፤ ወይ ሊፍቱን ለአንዱ፣ ጽዳቱን ለሌላው በየዘርፉ በውል ይሰጣል፤ አለዚያም ሁሉንም ጠቅልሎ ለአንድ ድርጅት ያስረክባል። ውሳኔው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወርኃዊ ክፍያዎችን በማነጻጸር ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። መለዋወጫ፣ የሌሊት ጥሪና የበዓል ቀን ሥራ ከክፍያው ውጪ ከሆኑ ርካሹ ውል ውድ ሆኖ ይገኛል።

የራስ ሠራተኛ ትልቁ ብልጫ ሕንፃውን ማወቁ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ የትኛውን ቫልቭ መዝጋት እንዳለበት ለመጠየቅ ጊዜ አያጠፋም። ሆኖም አንድን የሥራ ቦታ ሌትና ቀን ለመሸፈን በሳምንት 168 ሰዓት ያስፈልጋል፤ አንድ ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ አራት ሰው አይበቃም፤ ፈቃድና ሕመም ሲታከልበት አምስትም ይጠብባል። በዚህ ላይ እውቀቱ በጽሑፍ ካልሰፈረ ሰውየው ሲለቅ አብሮት ይወጣል።

በየዘርፉ መዋዋል ጥልቅ ሙያ ያስገኛል፤ ለሊፍትና ለእሳት ማስጠንቀቂያ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ችግሩ የሚመጣው ብልሽቱ በሁለት ሙያ መካከል ሲወድቅ ነው። ውሃ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍል ሲገባ የቧንቧው ተቋራጭ ጣሪያውን፣ የጣሪያው ደግሞ ቧንቧውን ያመካኛል።

አንድ ድርጅት ይህን መወነጃጀል ያስቀራል፤ ተጠያቂው አንድ ነው። ነገር ግን ሥራውን መልሶ ለሌሎች ሊያከፋፍል ስለሚችል እነማን ወደ ሕንፃው እንደሚገቡ አስቀድሞ ይጠየቅ። አይሶ 41001 የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ዓለም አቀፍ የሕንፃና የተቋም አገልግሎት አስተዳደር መስፈርት የምስክር ወረቀት ቢያቀርብም ወረቀቱ የሚመሰክረው ለአስተዳደር ሥርዓቱ እንጂ ነገ ለሚመጣው ቴክኒሻን ችሎታ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የውሉ ቃል ነው። «በሁለት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» ማለት በሁለት ሰዓት ይጠገናል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ጊዜያት ለየብቻ ይጻፉ። ክፍያም በተሠራው ሥራ ቁጥር ብቻ አይታሰር። ለምሳሌ የመጠባበቂያ ጀነሬተርን እንውሰድ። በየወሩ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚወስድ ነገር ሳይገናኝበት፣ አስነስቶ ማጥፋት መዝገቡን ይሞላል፤ ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ግን ያልተቃጠለ ናፍጣ በጭስ ማውጫው ይጠራቀማል። ኤንኤፍፒኤ 110 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት በየወሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በጭነት እንዲሠራ ይጠይቃል፤ ለናፍጣ ሞተር የሚቀመጠው አንዱ መለኪያ ከሙሉ አቅሙ ከ30 በመቶ ያላነሰ ጭነት ነው። በውሉ መስፈር ያለበት እንዲህ ያለ የሚለካ ነገር ነው።

የእኔ ምርጫ? ቀላል መሣሪያ ላለው አንድ ሕንፃ ጎበዝ የራስ ቴክኒሻንና የሊፍት ውል ይበቃሉ። ብዙ ሕንፃዎች በተራራቁ ቦታዎች ካሉ ወደ አንዱ ድርጅት አደላለሁ። ሆስፒታል ከሆነ ግን የኤሌክትሪክና የኦክስጅን መስመሩን የሚያውቅ የራስ ቡድን ሌሊትም ከግቢው መጥፋት የለበትም፤ ጽዳቱና አትክልቱ ለሌላ ቢሰጥ ግድ የለም፤ የጽዳት ውሉ ግን የሆስፒታል ንጽሕና የሚጠይቀውን ሥልጠና ይጥቀስ።

በሦስቱም መንገድ የመሣሪያዎቹ ዝርዝርና የጥገና ታሪካቸው የባለቤቱ ንብረት መሆኑ ይጻፍ። ሠራተኛው ወይም ድርጅቱ ሲሄድ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚያስረክብ ከፊርማው በፊት ይወሰን።