የራዶን መለኪያ ለቤዝመንት፦ የምትገዙ ከሆነ ረጅም ጊዜ የሚለካውን ግዙ

ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራና ዴንቨር አካባቢ ቤዝመንት (ከምድር በታች ያለው የቤት ክፍል) ውስጥ የምትኖሩ፣ ወይም ቤዝመንት የምታከራዩ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የገዛሁት የራዶን ጋዝ መለኪያ ነው። አልፋ ትራክ የሚባለው ዓይነት። ከ90 ቀን በላይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ በፖስታ ወደ ላብራቶሪ ይላካል። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ፣ ግን ጉድለትም አለው።

ራዶን አፈርና ድንጋይ ውስጥ ካለ ዩራኒየም የሚመነጭ ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። በቤቱ መሠረት ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ ገብቶ ታችኛው ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ በአሜሪካ ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው መንስኤ ሲሆን የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በዓመት 21,000 ያህል ሰው ይገድላል ብሎ ይገምታል። ኮሎራዶ ደግሞ የባሰበት ነው። ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ከ4 ፒኮኩሪ በሊትር (አየር ውስጥ ያለው ራዶን የሚለካበት አሃድ) በላይ አላቸው፣ 4 ማለት ደግሞ ኤጀንሲው «ቤታችሁን አስተካክሉ» የሚልበት ቁጥር ነው። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው? ቤዝመንት። እኛም ቤት የእህቴ ልጅ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት።

መጀመሪያ አጭሩን ሞክረን ነበር። ከሰል ያለበት፣ ጥቂት ቀን ብቻ የሚቀመጥ። ውጤቱ 2.9 መጣ። ረጅሙ ግን 5.3 አለን። አንዱ ላብራቶሪ ተሳስቶ አይደለም። ራዶን ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ነፋሱ፣ የአየር ግፊቱ፣ መስኮት መከፈቱ ሁሉ ይለውጠዋል፣ በብርድ ወራት ደግሞ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቤቱ ከሥሩ ካለው አፈር ጋዙን ይስባል። የጥቂት ቀን ልኬት ይዞ ቤቱ ደህና ነው ማለት የአንድ ሳምንት ዝናብ አይቶ ስለ ክረምቱ እንደ መፍረድ ነው። ለነገሩ 2.9ም ቢሆን የሚያስተኛ ቁጥር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መስመሩን ያሰመረው 2.7 አካባቢ ነው።

ካንሰሩ ደግሞ የአንድ ሳምንት ጉዳይ አይደለም፣ ለዓመታት የተነፈስነው ድምር ነው። በኤጀንሲው ስሌት ዕድሜ ልካቸውን 4 የሆነ አየር ከተነፈሱ 1,000 የማያጨሱ ሰዎች 7ቱ በሳንባ ካንሰር ሊያዙ ይችላሉ። አጫሾች ከሆኑ 62! ቤታችሁ የሚያጨስ ሰው ካለ ይህን ቁጥር አሳዩት።

ዕቃው ራሱ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ነች። ባትሪ የላት፣ ገመድ የላት፣ ድምፅ የላት። ውስጧ ያለችው ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ከራዶን የሚወጡ የአልፋ ቅንጣቶች ሲያርፉ በዓይን የማይታይ ጠባሳ ይተዋሉ። ላብራቶሪው በኬሚካል አጥቦ ጠባሳውን ያጎላና በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል። ከዚያ በተቀመጠችበት ጊዜ አካፍሎ አማካዩን ይነግራችኋል። በዚህ ዋጋ (የእኔ ከ40 ዶላር በታች ነው) ይህን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የራዶን ፕሮግራምም በቅናሽ ይሸጣል።

ያልወደድኩት፣ መመሪያው በደቃቅ ጽሑፍ የታጨቀ መሆኑን ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ፈተና ነው። የጀመራችሁበትንና ያነሳችሁበትን ቀን ቅጹ ላይ ካልጻፋችሁ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፣ ይህ በትልቁ መጻፍ ነበረበት። ከወለል ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉ፣ ከመስኮትና ከመታጠቢያ ቤት አርቁ፣ ልጆች እንዳይነኩት። የሚመጣው ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ወር እንደከፋ አይነግራችሁም። ያን ማወቅ ከፈለጋችሁ ዲጂታሉ መለኪያ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ቤት ለመግዛት የምትጣደፉ ከሆነ ደግሞ ይህ አይሆናችሁም፣ አጭሩን ተጠቀሙ።

እኛ ውጤቱን ይዘን ባለሙያ አስጠራን። ከወለሉ ሥር አየር እየሳበ በቱቦ ከጣሪያ በላይ የሚያስወጣ ማራገቢያ ገጠመልን። ከሺህ ዶላር በላይ ወጣ፣ ግን በሚቀጥለው ልኬት ቁጥሩ ከ2 በታች ወርዷል።

ተከራዮች፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኮሎራዶ ሕግ አከራይ ስለ ቤቱ ራዶን የሚያውቀውን ከመፈራረማችሁ በፊት በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። ጠይቁ። ተለክቶ አያውቅም ካላችሁም ራሳችሁ ለኩት፤ ግድግዳ የሚበሳ ነገር የለውም፣ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።