ለጀማሪ ጠማቂ የተዘጋጀው የጠላ ጥቅል፦ ከአዳማ ገበያ

አዳማ ገበያ አካባቢ ካሉት የእህልና የቅመማ ቅመም ሱቆች አንዱ፣ ቤታቸው ውስጥ ጠላ መጥመቅ ለሚጀምሩ ሰዎች ብቅል፣ የአሻሮ (የተቆላ እህል) ዱቄት፣ የጌሾ እንጨትና የተፈጨ የጌሾ ቅጠል አንድ ላይ አሽጎ ይሸጣል። በጥቅሉ ጠምቄበታለሁ። ሦስቱ ዕቃዎች የተከፈለባቸውን ዋጋ የሚያስቆጩ አይደሉም፤ አራተኛው ግን የቀሩትንም ድካም ከንቱ ሊያስቀር የሚችል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ብቅሉ ነው። በአሰላ መንገድ ከአርሲ ከሚወርደው ገብስ የተዘጋጀ መሆኑን የሱቁ ባለቤት ሴትዮዋ ነግረውኛል። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቶሎ ይሰበራል፣ ምላስ ላይም ይጣፍጣል፤ ሳይበቅል የቀረ ገብስ ግን ጥርስ አይበግረውም። ጀማሪ ይህን መፈተሽ የሚኖርበት በቂ ምክንያት አለው፤ እህሉ ሲበቅል የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ናቸው የቂጣውንና የእንኩሮውን (በውሃ ተለውሶ የሚበስለውን የአሻሮ ዱቄት) ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት፣ እርሾውም ወደ አልኮል የሚለውጠው ያንኑ ስኳር ነው። ብቅሉ ደካማ ከሆነ ድፍድፉ (ሁሉም ተቀላቅሎ የሚፈላው) ይኮመጥጣል እንጂ ጠላ አይወጣውም። አሻሮው በደንብ የተቆላ በመሆኑ ለጠላው የሚፈለገውን ጠቆር ያለ ቀለም ይሰጣል፣ የጌሾው እንጨትም ደህና ነው።

የተፈጨው የጌሾ ቅጠል ግን ቡናማ ሆኗል፤ ላስቲኩ ሲከፈት የሚሸተውም ጌሾ ሳይሆን የቆየ ድርቆሽ ነው። ጌሾ ለጠላ ምሬቱን ከመስጠቱም በላይ የሚያበላሹ ተዋሲያንን ስለሚገታ፣ ጉልበቱን የጨረሰ ዱቄት በሞቃቱ የአዳማ አየር ጠላውን ለሆምጣጤ አሳልፎ ይሰጠዋል። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ደረቅ ቅጠል እዚያው ገበያ ውስጥ እየተሰፈረ ስለሚሸጥ፣ እሱን ገዝቶ ቤት መውቀጥ ይሻላል።

ከጥቅሉ ጋር የሚሰጠው የመመሪያ ወረቀት ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም ጥንስሱን (እርሾው የሚነሣበትን የመጀመሪያ ድብልቅ)፣ ቂጣውን፣ እንኩሮውንና ድፍድፉን፣ በትክክል አስቀምጧል። ሆኖም ቂጣውና እንኩሮው ሳይቀዘቅዙ መጨመር እንደሌለባቸው አንድም ቦታ አልጻፈም። እርሾ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ስለሚሞት፣ ይህ ሊዘነጋ የሚገባው ነገር አልነበረም። ባለቤቷ ግን ለሚጠይቃቸው ሁሉ በቃል ያስረዳሉ፤ «ልጄ፣ እጅህን ሰደድ አድርገህ እየው፤ እጅህ ካልቻለው ጥንስሱም አይችለውም» ነበር ያሉኝ፣ ከወረቀቱ ሁሉ የጠቀመኝም ይኸው ምክር ነው።

ሌላው እንከን ስለ መጥመቂያው ዕቃ የተጻፈው ነው። መመሪያው ጋን ለሌለው ሰው የፕላስቲክ በርሜል መፍቀዱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ክዳኑ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ተጠብቆ እንዲዘጋ ያዛል። ድፍድፍ በሚፈላበት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ መውጫ ያጣ ጋዝ በርሜሉን ይነፋዋል፣ አንዳንዴም ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ክዳኑን ላላ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ማጠንከሩንም ፍላቱ ከበረደ በኋላ ማድረግ ይገባል። በርሜሉን በግራዋ ማሸትን ወረቀቱ ጠቅሷል፤ የወይራ ጭሱን ትቶታል፤ የጠላን መዓዛ ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በጥቅሉ ፋንታ ብቅሉንና አሻሮውን ብቻ ለይተው እንዲሰፍሩላችሁ ባለቤቷን ብትጠይቋቸው እሺ ይላሉ፤ የኪሎው ዋጋም ከታሸገው ይቀንሳል።