ሞጆ ላይ ዕቃ ያላችሁ አስመጪዎች፣ ይህችን ትራንዚተር እወቋት

መርካቶ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚሰፉና በየሰፈሩ አነስ ያለ ወርክሾፕ የከፈቱ ልጆች ናቸው። ሰሞኑን ከቻይና ያስመጣሁት ባለ 20 ፊት ኮንቴይነር ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወጥቶ ዕቃው መጋዘኔ ገብቷል። እኔም ደም ግፊቴ አልተነሳም! አስመጪ የሆናችሁ ምን እያልኩ እንደሆነ ይገባችኋል። ስለዚህ ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ ከሁሉ በፊት ጉምሩኩን የጨረሰችልኝን ትራንዚተር።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ አደራ ብላኛለች። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያት ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

ሞጆን በስም ብቻ ለምታውቁት ትንሽ ልበል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትሄዱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተማው ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዳማና በአዋሽ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፣ ሌላው በመቂ በኩል ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ ይዘልቃል። የጅቡቲው ባቡርም በዚያው ያልፋል። ደረቅ ወደቡ በ2001 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። ዛሬ በመልቲ ሞዳል ወደ አገር ከሚገባው ኮንቴይነር አብዛኛው የሚያርፈው እዚያ ነው። በመልቲ ሞዳል ስታስመጡ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የጭነት ሰነዱ) አንድ ነው። ዕቃው ከተጫነበት ወደብ ጀምሮ ሞጆ እስኪደርስ ኃላፊነቱ የአጓጓዡ ድርጅት፣ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። በዩኒ ሞዳል ከሆነ ግን የጅቡቲውን ጣጣ የምትጨርሱት እናንተ ወይም ወኪላችሁ ናችሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ብዙ ሰው ትራንዚተር የሚፈልገው ዕቃው ሞጆ ከደረሰ በኋላ ነው። እሷ ሥራዋን የጀመረችው ማሽኖቹ ገና ፋብሪካ ውስጥ እያሉ ነው። "ኢንቮይሱንና ፓኪንግ ሊስቱን ከመጫኑ በፊት ላኪልኝ" አለችኝ። የዋጋ ዝርዝሩንና የየካርቶኑን ይዘት የያዘውን ወረቀት ላክሁላት። አቅራቢው "የስፌት ማሽንና መለዋወጫ" ብሎ በአንድ መስመር፣ በአንድ ዋጋ ጠቅልሎታል። በዚህ አልሄድም አለች።

ከዚያ ቁጭ ብላ ዕቃውን በዓይነት በዓይነት ለየችው። የቤት ማሽን ለብቻ፣ የፋብሪካ ማሽን ለብቻ። ጠረጴዛውን ብዙ ሰው የቤት ዕቃ ነው ብሎ ያስባል፤ የስፌት ማሽን ጠረጴዛና እግር ግን በታሪፍ መጽሐፉ ከማሽኑ ጋር እዚያው 8452 በሚባለው የታሪፍ ቁጥር ውስጥ ነው። መርፌውም እዚያው አለ፣ የራሱ ንዑስ ቁጥር ተሰጥቶት። ክሩ ከጨርቃ ጨርቁ ምዕራፍ ይገባል። መቀሱ ደግሞ ምዕራፍ 82 ነው፣ ከቢላዋና ከእጅ መሣሪያ ጋር። ቀረጣቸውም አንድ አይደለም። አቅራቢው "ሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የሚወስደው" ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። በዊቻት ራሷ ጽፋለት አስተካከለ። ባንክ የፈቀደው ኤልሲ (ለአቅራቢው የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ላይ ካለው የዕቃ መግለጫ ጋርም አመሳከረችው። መርከብ ከተነሳ በኋላ ይህን ማረም ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ሌላው የወደድኩላት ሒሳቧ ነው። ቀረጥና ታክሱን ቀድማ በአንድ ወረቀት ሠርታ ሰጠችኝ። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንስና የማጓጓዣ ዋጋውም ይደመርበታል። ቫቱ ደግሞ ቀረጡ በተደመረበት ላይ ይመጣል። ሱር ታክስ (ተጨማሪ ታክስ) አለ፣ ዊዝሆልዲንግ (ቀድሞ የሚያዝ የገቢ ግብር) አለ። ታክስ በታክስ ላይ ሲወጣ ዓይናችሁ እያየ ገንዘቡ ያብጣል! ግን ቀድሞ ከታወቀ ሰው ይዘጋጃል። በወረቀቱ ላይ ለመንግሥት የሚገባው፣ ለወደብ አገልግሎት የሚከፈለው፣ የጫኝና አውራጅ፣ የእሷ ክፍያ፣ ሁሉም ለየብቻ ተቀምጧል። "ለሻይ" የሚባል መስመር የለም። ስጠይቃት "ደረሰኝ የሌለው ወጪ እኔ ጋ የለም፣ እትዬ" አለችኝ። በመጨረሻ የከፈልኩት ከወረቀቱ ብዙም አልራቀም።

ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማስታወቂያ) ሲገባ ሲስተሙ ቀይ ላይ ጣለን። አረንጓዴ ቢሆን በቀጥታ ይወጣ ነበር፣ ቢጫ ቢሆን ሰነድ ብቻ ይታያል፤ ቀይ ግን ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ይፈተሻል። እኔ ፊቴ ተለዋወጠ። እሷ ሳቀች። "ቀይ ወንጀል አይደለም፣ ሣጥን መክፈት ነው" አለችኝ።

ፍተሻው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ግቢው ሰፊ ነው፣ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቧል። ሪች ስታከሩ (ኮንቴይነር የሚያነሳው መኪና) የእኛን ከላይ አንስቶ ቀስ አድርጎ አወረደው። ኦፕሬተሩ ወጣት ልጅ ነው፤ እንደ እንቁላል ነው ያስቀመጠው። እግዜር ይስጠው።

የበሩ ማሸጊያ (ሲሉ) ከመቆረጡ በፊት ትራንዚተሯ ቢል ኦፍ ሌዲንጉን አውጥታ የማሸጊያውን ቁጥር አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፤ ፈታሹም እያየ። ከዚያ በሩን ከነማሸጊያው ፎቶ አነሳች። በዚህ አላበቃችም። ኮንቴይነሩን ዞራ አራቱንም ጎን አነሳች። ጥጉ ላይ አንድ የተሰረጎደ ቦታ ነበር፣ ከታች ደግሞ ዝገት የበላው። እነዚያን ጠጋ ብላ አነሳች። ለምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኋትም። ባዶው ኮንቴይነር ሲመለስ ገባኝ። የተረከበው ሰው ስርጉዱን አይቶ ጉዳት ብሎ ሊመዘግብብን ሲል ፎቶውን ከነቀኑ አሳየችው። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ለኮንቴይነሩ ያስያዝኩት ገንዘብም ሳይነካ ተመለሰልኝ።

ውስጡም ተዘጋጅቶበታል። አቅራቢው ከየዓይነቱ አንድ አንድ ካርቶን በሩ አጠገብ እንዲያስቀምጥ፣ የካርቶኑ ቁጥርም ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር እንዲገጥም ቀድማ አዝዛው ኖሯል። ፈታሹ የፈለገውን አስወጣ፣ ከፈተ፣ ቆጠረ፣ የሞተሩን ሞዴል አነበበ። ጨዋ ሰው ነው። የሚጠይቀውን ጠየቀ፣ መልስ አገኘ፣ ፈረመ። እሱንም አመሰግናለሁ።

ሾፌራችንንም ሳላነሳ አላልፍም። ከባድ መኪና በቀን ከተማ ውስጥ እንደልብ ስለማይነዳ ማታ ነው የገባነው። ጋሼ የመጨረሻዋ ካርቶን እስክትወርድ ከመኪናው ሥር ቆመው ልጆቹን "ቀስ በሉ፣ ማሽን ነው" ሲሉ አመሹ። ሥራቸው እኮ መንዳት ብቻ ነበር።

እንግዲህ እንከኗንም ልናገር፤ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ዘመዴ ትመስላችኋለች። ግቢ ውስጥ ስትሆን ስልክ አታነሳም። ደጋግማችሁ ብትደውሉ ያው ነው። ማታ ግን የዕለቱን ሁሉ በጽሑፍ ትልካለች፤ የቱ ጋ እንደደረሰ፣ ነገ ምን እንደሚቀር። ከዚህ በፊት አብሬው የሠራሁት ሌላ ሰው ስልክ ቶሎ ያነሳ ነበር፤ የሚነግረኝ ግን ሁልጊዜ "እየጨረስን ነው" ብቻ ነው። እኔ የእሷን መርጫለሁ። ዋጋዋም ርካሽ አይደለም። ከእሷ ያነሰ የሚጠይቅ ሞልቷል። ግን ዕቃ ግቢ ውስጥ በቆየ ቁጥር የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል፣ ኮንቴይነሩ ላይ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። ይህን ስትደምሩት ርካሹ ይወደዳል።

ኢንቮይስ ዝቅ አድርጊልኝ የምትሉ ግን አትልፉ፣ እሺ አትልም። መኪና የምታስገቡም ለሌላ ሰው ትመራችኋለች፤ እሷ የምትሠራው ማሽን፣ መለዋወጫና ጨርቃ ጨርቅ ነው። ዕቃው ሞጆ ደርሶ ከተቆለፈ በኋላ የምትሄዱባትን ትቀበላለች፣ ግን ፊቷ አይፈታም።

በውስጥ መስመር ስትጽፉልኝ የዕቃውን ዓይነት፣ የሚጫንበትን ወደብና ተጭኖ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ጨምሩልኝ። መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው።