የሰፈራችንን ግድብ ላየልን ኢንጂነር ምስጋና፣ ሐይቅ ዳር ለምትኖሩም ጥቆማ

ጆርጂያ ውስጥ፣ በተለይ ዲካልብና ግዊኔት አካባቢ፣ ሐይቅ ባለበት ሰፈር ቤት የገዛችሁ ወገኖች እባካችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እንደኛ ሰፈር ያለችው ትንሽ ሐይቅ ብዙ ጊዜ የካውንቲው ሳትሆን የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ናት። ውሃውን የያዘው የአፈር ግድብም እንዲሁ የራሳችን ነው፣ ጥገናውም ተጠያቂነቱም። የኛዋ ልጆች ዓሣ የሚያጠምዱባት፣ ማታ ማታ ዳር ዳሯን የምንንሸራሸርባት ናት። ግድቡ ዛፍ በቅሎበት ተራ ጉብታ ስለሚመስል ግን ግድብ መሆኑን እንኳ የማያውቅ ጎረቤት ነበረን።

በ2024 ልክ መስቀል ሰሞን የሔለን አውሎ ነፋስ ዝናብ ሲመጣ አትላንታ ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ከ11 ኢንች በላይ፣ ማለትም 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ዘነበ። ከዚያ ወዲህ ከግድቡ ግርጌ፣ የውሃ ማፍሰሻው ቧንቧ በሚወጣበት በኩል፣ መሬቱ አልደርቅ አለ። ማኅበሩ መጀመሪያ የጠራው ኮንትራክተር ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ «ዛፉን በሙሉ ቆርጠን ኮንክሪት እናለብሰዋለን» ብሎ ከባድ ዋጋ ጥሎልን ሄደ። ይህን ወንድማችንን የጠቆሙን ያኔ ነው። አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና የተማረ፣ እዚህም የሙያ ፈቃዱን ያወጣ፣ ሥራው ግድብ መመርመር የሆነ የሀገራችን ልጅ ነው።

መጥቶ ዋጋ አላወራም። ረጅሙን የጎማ ቦቲ አጥልቆ ረግረጉ ውስጥ ገባና ሣሩን በእጁ እየገለጠ ቧንቧውን ዙሪያውን አየው። ከጎኑ የሚወጣውን ውሃ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ቀድቶ የመኪናው ኮፈን ላይ አቆመው። እያወራን ሳለ ከጠርሙሱ ሥር ቀይ ደለል ተኛ። «ጥርት ያለ ቢሆን እየለካን እንከታተለው ነበር፤ ይሄ ግን የግድባችሁን አፈር ይዞ ነው የሚወጣው» አለን። የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ውሃ ያሰርጋል፤ የሚያሰጋው ውሃው አፈሩን ከውስጥ እየቦረቦረ መንገድ ማበጀት ሲጀምር ነው። ቧንቧው ውስጥ ካሜራ ሲልክ ደግሞ የብረቱ ወለል በዝገት ተበልቶ ቦታ ቦታ ላይ አፈሩ ይታይ ነበር።

ስለ ዛፎቹ የነገረን ነገር ብቻውን ገንዘባችንን አድኖልናል። ትልቅ ዛፍ ቆርጦ ሥሩን ግድቡ ውስጥ ትቶ መሄድ አይበጅም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መተላለፊያ ይሆናል። ሥሩ ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ በሚመጥን አፈር በስሱ በስሱ እየተሞላ መጠቅጠቅ አለበት፣ ያውም በኢንጂነር እቅድ። ሐይቁንም ባንዴ አላስለቀቀንም። ውሃው በፍጥነት ከጎደለ በሐይቁ በኩል ያለው የራሰ አፈር ሊናድ ስለሚችል በቀን ከአንድ ጫማ እንዳያልፍ አድርጎ አስወረደው። ከዚያ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ገባ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በቀጭን የሲሚንቶ ውህድ ተሞላ፣ መውጫው ጋ ደግሞ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚይዝ የአሸዋና የጠጠር ማጣሪያ ተሠራ። ኮንክሪት ማልበስ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ አላስፈለገም።

«ለትንሽ ኩሬ ይሄ ሁሉ?» ላሉት ጎረቤቶች በስብሰባው ላይ የኬሊ ባርንስን ግድብ አነሳላቸው። እዚሁ ጆርጂያ፣ ቶኮዋ የነበረ 12 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ግድብ ነው። ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ካቆመ በኋላ ሐይቁ መዝናኛ ብቻ ሆኖ ነበር። ጥቅምት መጨረሻ፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ተደርምሶ ከታች ባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ 39 ሰው ገደለ። የጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕግ የወጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1978 ነው። ቤቱ ጸጥ አለ።

ለምን እንደነካን ያስረዳን ያን ጊዜ ነው። ስቴቱ ግድብን የሚመድበው ቢፈርስ ሰው ይሞታል ወይ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ግድቡ ሳይነካ፣ ከታች አዲስ ቤት ስለተሠራ ብቻ ምድቡ ወደ አንደኛ ሊወጣና ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ከኛ ግድብ በታች ቤቶች አሉ። እሱም ከተጠየቀው ሥራ ውጭ ማን 911 እንደሚደውል፣ ማን የማንን በር እንደሚያንኳኳ የሚያሳይ አንድ ገጽ አዘጋጅቶ ሰጠን። ከታች ለሚኖሩት የኛ እናቶች ደግሞ ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ ቡናቸውን ጠጥቶ፣ በአማርኛ አስረዳቸው። ለዚህ ሳንቲም አልተቀበለም። አንጀቴን ያራሰው ይሄ ነው።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ማኅበራችን በሙሉ ያመሰግንሃል።

ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የማኅበሩን የድሮ የግድብ ንድፍ ካለ ፈልጉ፣ ግርጌውንና ቧንቧውን ፎቶ አንሡ። የሚወጣው ውሃ ከደፈረሰ ግን ፎቶም ንድፍም ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ደውሉለት።