ሰማያዊው የመርፊ ሰዋስው ክፍል ውስጥ ሲገባ

ሰማያዊ ሽፋን ያለውን የሬይመንድ መርፊን የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ፣ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ»ን፣ በስም የማያውቅ የእንግሊዝኛ መምህር ማግኘት ይከብዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን አምስተኛው እትም በ2019 ወጥቷል። እዚህ የምንመዝነው ይህንኑ አምስተኛ እትም ነው፤ ጥያቄያችንም ክፍል ይዞት የሚገባ መምህር ምን ያገኝበታል የሚል ነው። ለብቻ ለሚያጠና ሰው ጥሩ መሆኑ አያከራክርም።

መጽሐፉ 145 ዩኒቶች (አጫጭር ትምህርቶች) አሉት፤ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። በግራ በኩል ማብራሪያው፣ በቀኝ በኩል መልመጃው። ተማሪው ሲሳሳት ገጽ ሳይገልጥ ዓይኑን ወደ ግራ ይመልሳል፣ ያርማል። ማብራሪያው አጭር ነው፣ ምሳሌዎቹም ሰው አፍ ላይ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ደረጃው ግን መካከለኛ ነው። ለጀማሪ ከሰጡት ማብራሪያውን ማንበቡ ራሱ ሌላ ትምህርት ይሆንበታል፤ ለእሱ የዚሁ ደራሲ ቀዩ የጀማሪዎች መጽሐፍ፣ «ኢሴንሻል ግራመር ኢን ዩዝ»፣ አለለት።

ችግር የሚመጣው ከ1 ተነስተው በተራ ሲያስተምሩት ነው። ዩኒቶቹ በርዕስ እንጂ ከቀላል ወደ ከባድ አልተደረደሩም። መስተዋድድ የሚገኘው ከ121 እስከ 136 ነው። በሳምንት ሁለት ዩኒት የሚሸፍን ክፍል እዚያ ሲደርስ ዓመት አልፎታል። አማርኛ ተናጋሪው ግን «በክረምት»፣ «በበዓል ቀን»፣ «በአምስት ሰዓት» ሲል አንዲት «በ» ትበቃዋለች። እንግሊዝኛው ኢን፣ ኦን፣ አት እያለ ሲከፋፍልበት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይሳሳታል።

ፕሬዘንት ፐርፌክትም («ሃቭ ሲን» ዓይነቱ የግሥ ቅርጽ) እንዲሁ ነው። ዩኒት 7 እና 8 ያስተዋውቁታል፤ ከፓስት ሲምፕል («ሶው» ዓይነቱ ተራ ኃላፊ ጊዜ) ጋር የሚያፋጥጡት ግን 13 እና 14 ናቸው። በመሃል ባሉት ዩኒቶች ስህተቱ ሥር ይሰዳል። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ያስኬዳል፤ ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ ስህተት የሆነውን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ሲል ምንም አይጎረብጠውም። የሚሻለው የዩኒት 7ን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ አስተምሮ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ወደ 14 መዝለል ነው። ሰሌዳው ላይ «አየሁት» እና «አይቼዋለሁ» ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ሁለቱም ላይ «ትናንት» ይጨመር። አማርኛው ሁለቱንም ይቀበላል። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ አቻዎቻቸው ከሥር ሲጻፉ አንዱ ይሰረዛል። መጽሐፉ ይህን አያደርግልዎትም፤ የተጻፈው ለዓለም ተማሪ ሁሉ ስለሆነ የማንም አፍ መፍቻ ቋንቋ ውስጥ አይገባም።

ትልቁ ድክመት ቀኝ ገጹ ላይ ነው። የዩኒቱ ርዕስ መልሱን አስቀድሞ ይናገራል። ርዕሱ ፓስት ኮንቲንዩየስ («ዋዝ ዱዊንግ» ዓይነቱ ቅርጽ) ከሆነ ተማሪው በቅንፍ የተሰጠውን ግሥ ወደዚያው ቅርጽ ይለውጣል፣ አሥር ከአሥር ያገኛል፣ በነጋታው ሲናገር ያው ስህተት ይደገማል። የተለማመደው ቅርጹን መሥራት ነው፤ የትኛውን ቅርጽ መቼ እንደሚጠቀም ግን አልመረጠም። መድኃኒቱ መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ ብዙ መምህር ግን አይከፍተውም፤ ከመጨረሻው ዩኒትና ከአባሪዎቹ በኋላ ያሉት ተጨማሪ መልመጃዎች በርካታ ዩኒቶችን ያደባልቃሉ። ዩኒቱ ካለቀ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ከእነሱ 10 ጥያቄ ቢሰጥ ማን እንደገባው ያኔ ይታያል።

ለአንድ የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው፦ መጽሐፉ ተዘግቶ እያንዳንዱ ተማሪ 5 ዓረፍተ ነገር ይጻፍ (10 ደቂቃ)። ከተገኙት ስህተቶች ሁለቱ ሰሌዳ ላይ ይውጡና ከግራ ገጹ እነሱን የሚመለከተው ክፍል ብቻ ይነበብ (10 ደቂቃ)። ከዚያ ሁለት መልመጃ (15 ደቂቃ)፤ ሁኔታው ተሰጥቶ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያስጽፈው ካለ እሱ ይቅደም፣ ክፍት ቦታ መሙላቱ ለቤት ሥራ ይቆይ። በቀረው ጊዜ መጀመሪያ የጻፏቸውን ዓረፍተ ነገሮች ራሳቸው ያርሙ። ግራ ገጹን ከላይ እስከ ታች ማስነበብ ግን ጊዜ ይበላል፣ እንቅልፍም ያመጣል።

የትኛው ዩኒት እንደሚቀድም ለመወሰን ከኋላ ያለው «ስተዲ ጋይድ» የተባለው የምርጫ ጥያቄዎች ክፍል ጥሩ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን የሚያጠኑት ዩኒት ቁጥር አለ። አንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ እንዳለው ለተማሪዎች አስቀድሞ ይነገራቸው፤ አለዚያ አንዱን ከብበው ያልፋሉ።

ሲገዙ እትሙን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. የ1994ቱ ሁለተኛ እትም 136 ዩኒቶች ስላሉት ከአዲሱ ጋር ቁጥሩ አይገጥምም፤ «ዩኒት 72ን ሥሩ» ሲባል ግማሹ ክፍል ሌላ ትምህርት ይዞ ይመጣል። መልስ ያለውና የሌለው እትምም ለየብቻ ይሸጣል። የቤት ሥራ የሚሰጥ መምህር ለተማሪዎቹ የሌለውን ቢያስገዛ፣ ያለውን ለራሱ ቢይዝ ይሻላል።