ፕሌኮ፦ ቻይና ውስጥ ለሚማር ሰው የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት

ቻይና ለትምህርት ለሚሄድ ተማሪ፣ በተለይ የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ብቻ ለሚማር፣ ፕሌኮን የሚያህል የስልክ መዝገበ ቃላት የለም። ዋናው ክፍል ነጻ ነው፤ ቃላቱ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ትርጉሙ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ የለውም።

አንድሮይድ የያዘ ሰው ከአገር ሳይወጣ ይጫነው። ቻይና ውስጥ ጉግል ፕሌይ አይከፈትም። ከጫኑ በኋላ ተጨማሪዎች ወደሚለው ክፍል ገብቶ ነጻ የሆኑትን ሁሉ ማውረድ ነው፤ የሚገዛ ነገር ካለም እዚያው አገር ቤት ሳሉ መጨረስ ይሻላል።

ቃል ሲፈልጉ የቶኑን፣ ማለትም የድምፁን አወጣጥና አወራረድ፣ ቁጥር (ከ1 እስከ 4) ከቃሉ ኋላ መጻፍ ይልመድብዎ። «ማይ» በ3ኛው ቶን መግዛት፣ በ4ኛው መሸጥ ነው። ቁጥሩን የተወ ተማሪ ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኝና ቶኑን ሳያጠና ያልፋል። ለእኛ ነገሩ እንግዳ መሆን የለበትም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» የምንለው። ሌላው የሚያደናግረው ፒንዪን፣ ማለትም የቻይንኛ ቃል እንደ ድምፁ የሚጻፍበት መንገድ፣ በላቲን ፊደል መሆኑ ነው። «እኛ» የሚለው የቻይንኛ ቃል በላቲን ሲጻፍ ከእንግሊዝኛው «ሴቶች» ጋር ፊደል በፊደል አንድ ነው። ያልጠበቁት ውጤት ከመጣ መፈለጊያው የጻፉትን እንደ እንግሊዝኛ ቃል ወስዶት ስለሆነ የቋንቋ መቀየሪያ ምልክቱን ነክቶ ወደ ቻይንኛ መመለስ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው በጣት መጻፊያው ነው። የማደሪያው በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ ድምፁን የማያውቁት ፊደል ሲገጥም የሚቀለው መንገድ እሱ ነው፤ ድምፁን ካላወቁ ፒንዪኑን ከየት ያመጡታል? እዚህ ላይ የሚሳሳቱት የጭረቱን ብዛት ነው። «አፍ» የሚለው ሳጥን የሚመስል ፊደል 3 ጭረት ነው፦ መጀመሪያ የግራው ቁም፣ ቀጥሎ የላዩና የቀኙ ጣት ሳይነሳ በአንድ ላይ፣ በመጨረሻ የታችኛው መዝጊያ። እንደ ክብ አዙሮ የሚስለው ሰው ሌላ ፊደል ሊመጣበት ይችላል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚለውን ሕግ የጠበቀ ግን መልኩ ባያምር እንኳ ያገኘዋል።

በካሜራ ማንበቢያው ለብቻው ይገዛል። ለታተመ መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ ለእጅ ጽሑፍና ለተዋበ የሱቅ ታፔላ ግን አይታመንም፣ ስለዚህ ለጀማሪ አያስቸኩልም።

ምግብ ቤት ውስጥ መዝገበ ቃላቱን ብቻ አምኖ ማዘዝ ችግር ያመጣል። «ሮውሲ» ብለው ቢፈልጉ በቀጭኑ የተከተፈ ሥጋ ይላል፤ የምን ሥጋ እንደሆነ አይናገርም። ቻይና ውስጥ ሥጋ ማለትም «ሮው» ብቻውን ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። የበሬው «ንዩሮው»፣ የበጉ ወይም የፍየሉ «ያንግሮው» ተብሎ ይለያል። አሳማ ለማይበላ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ እነዚህን ሦስት ቃላት ገና ከመነሻው ማጥናት የግድ ነው። «ቺንግጀን» የሚል ምልክት ያለበት ቤት የሙስሊም ምግብ ቤት ስለሆነ አሳማ አይገባበትም። ጾመኛ ደግሞ አትክልት ሲያዝ ስለ ዘይቱ ይጠይቅ፤ «ዡዮው» የአሳማ ስብ ነው፣ ጎመን የሚጠበስበት ጊዜ አለ።