የወርቅ መፈተሻ፦ አሲድና ድንጋይ ወይስ ኤሌክትሮኒኩ?

ወርቅ መግዛትና መሸጥ የጀመረ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ አሲድና ጥቁር ድንጋይ ልግዛ ወይስ ያንን ካራት በቁጥር የሚያሳየውን መሣሪያ? አሲዱን ግዙ። ወርቁን ድንጋዩ ላይ ትጭሩና በጭረቱ ላይ ለየካራቱ ከተዘጋጀው አሲድ ጠብ ታደርጋላችሁ፤ ካራቱ ከአሲዱ በታች ከሆነ ጭረቱ ይጠፋል፣ ካልሆነ ይቀራል።

በአንድ ኤሌክትሮኒክ መፈተሻ ዋጋ አሲዱን ከነድንጋዩ ደጋግሞ መግዛት ይቻላል። ወጪው እዚያ ቢቆም እንኳ ባልከፋ፤ በጄል የሚሠራው ዓይነት ጄሉ ያልቃል ወይም ይደርቃል፣ ጫፉ ይበላሻል፣ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ይመጣል። ድንጋይ ጠጋኝ የፈለገ ሰው ግን አላየሁም።

አሲዱም ተንኮል አለው። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን መዳብና ብርን ይበላል እንጂ ንጹሕ ወርቅን አይደፍርም፤ ሃይድሮክሎሪክም ብቻውን ወርቅን አይነካም። ሲቀላቀሉ ናይትሪኩ ከጥቂት የወርቅ አተሞች ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የሃይድሮክሎሪኩ ክሎራይድ እነዚያን አተሞች ይዞ ፈሳሹ ውስጥ ያስቀራቸዋል። ናይትሪኩም ወደ ቀሩት ይዞራል፣ እንዲህ እያለ ወርቁ ያልቃል። አንድ እጅ ናይትሪክ በሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ፤ አኳ ሬጂያ የሚሉት ይህ ነው።

ሁለቱ ግን ወርቅ ባያገኙም እርስ በርስ ይበላላሉ። ክሎሪንና ናይትሮሲል ክሎራይድ ጋዝ ሆነው ይወጣሉ፣ ኃይሉም ይደክማል። የ14 ካራቱ አሲድ በአብዛኛው ናይትሪክ ስለሆነ ይቆያል። የ18ቱ ሃይድሮክሎሪክ ጠብ ተደርጎበታል፤ የ22ቱ ወደ አኳ ሬጂያ ስለሚጠጋ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ «ትልቁ ጠርሙስ ያዋጣል» የሚለውን ለ14ቱ ብቻ ስሙ፣ የ22ቱን ትንሿን ብልቃጥ ውሰዱ። የደከመ የ22 አሲድ የ18 ካራትን ጭረት ሳያጠፋው ይቀራል፤ 75 በመቶ ወርቅ ይዛችሁ የ91.6 በመቶ ትከፍላላችሁ።

የብልቃጡን ጽሑፍ አትመኑ፤ አንዱ ፈሳሽ በተለያየ ካራት ስም ተሞልቶ ሊሸጥ ይችላል። ካራታቸው የታወቀ የመፈተሻ መርፌዎች ግዙ። የታወቀውንና ያልታወቀውን ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን አጭራችሁ አንዷን ጠብታ በሁለቱም ላይ አሳልፉ። በእኩል ፍጥነት ከደበዘዙ ካራታቸው ተቀራራቢ ነው፤ አሲዱ ቢደክም እንኳ የሚደክመው ለሁለቱም ነው። ጓንት፣ አየር የሚገባበት ክፍል፣ ለፈሰሰው ቤኪንግ ሶዳ፤ ይህ ድርድር የለውም።

ኤሌክትሮኒኩ የሚያሸንፈው ጌጡን ሳይጭር በመፈተኑ ነው። ቁጥሩ ግን ከወርቁ ጋር የተቀላቀለው ብረት መዳብ፣ ብር ወይም ኒኬል በሆነ ቁጥር ይዋዥቃል፤ ነጭ ወርቅ ላይማ ይብስበታል። ወፈር ያለ ቅብም ያታልለዋል። በአሲድ ከሆነ ግን ጥጉን በሞረድ ፋቅ አድርጋችሁ ውስጡን ትጭራላችሁ።

ወፍራም ባር ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው። ውስጡ ቱንግስተን የሚባለው ብረት ከሆነ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.25 ግራም ነው፣ የወርቅ 19.3፤ ሚዛንም አይለየውም። ሻጩ ሰርስራችሁ እንድታዩ ካልፈቀደ አትግዙ።